ግማሽ ለጋዙ፣ ግማሽ ለፈሳሹ

ጡረታ የወጣሁ ዕለት የዩኒየኑ ሠራተኞች አዋጥተው የገዙትን የኤሌክትሪክ ውኃ ማፍያ ሸለሙኝ። ንግግር ተደረገ፣ ተጨበጨበ፣ ፎቶ ተነሣን። ማፍያውን ታቅፌ ደባርቅ ገበያው ጀርባ ወዳለው ቤቴ ስገባ መብራት ከጠፋ ሰንብቶ ነበር። ዕቃው ዛሬም ከነካርቶኑ ቁም ሣጥኑ ላይ ተቀምጧል። በቅንነት የሰጡኝ ነውና አላማርርም፤ ግን የሥራ ዘመንሽን በአንድ ዕቃ አሳዪን ብባል ከእሱ የተሻለ የማሳየው የለኝም።

ሥራዬ መገምገም ነበር። ሰው ገንዘቡን ሊያፈስበት ያሰበውን ነገር፣ ወፍጮም ይሁን ዘይት መጭመቂያ፣ ከብት ማድለቢያም ይሁን ሆቴል፣ ሄጄ አያለሁ፤ አይቼም ይህ ያዛልቃል፣ ይህ አያዛልቅም ብዬ እጽፋለሁ። መጀመሪያ ለባንክ፣ ኋላ ለገበሬዎች የኅብረት ሥራ ዩኒየን። ደመወዙ ወር አያደርስም ነበር፤ ስለ እሱ ይህን ካልሁ ይበቃል። ስለ አለቆቼም ብዙ አልልም። አንዱ የጻፍሁትን ሳያነብ ይፈርም ነበር፤ ሌላው አንብቦም አይፈርምም ነበር። ከሁለቱ የትኛው የባሰ እንደሆነ እስካሁን አልለየልኝም።

ሥራውን ያስተማሩኝ ሐጂ ኑሩ ናቸው። መጀመሪያ የተመደብሁት ከሊማሊሞ ቁልቁል፣ አዲ አርቃይ ነበር፤ ሙቀቱ ለደጋ ልጅ አይጣል ነው። እሳቸውን እዚያ ዋና ገምጋሚ ሆነው አገኘኋቸው። የደባርቅ ነጋዴ ልጅ ናቸው፤ በአባታቸው የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ውስጥ ያደጉ፣ ቀጭን፣ ረጅም፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሰው። ያን ጊዜ ገና መካ አልሄዱም ነበር፤ እኔ ግን ዛሬ ሐጂ ብዬ ካልጠራኋቸው አፌ አይታዘዘኝም።

ሐጂ ሊገመግሙ በሄዱበት ቤት ውኃ እንኳ አይቀምሱም። ከኮታቸው ኪስ የሽምብራ ቆሎ አይጠፋም፤ ባለቤቱ በሞቴ እያለ ሲለምን እሳቸው ፈገግ ብለው ቆሏቸውን ይቆረጥማሉ። እኔ በኀፍረት መሬት ብትውጠኝ እመርጥ ነበር። ኋላ ጠየቅኋቸው። «የበላሁበትን ቤት ክፉ ጎን ማየት አልችልም፤ ሆዴ ዓይኔን ይይዘዋል» አሉኝ።

ሁለተኛው ልማዳቸው ባለቤቱ የሚያሳየውን አለማየት ነው። አዲስ ሞተር ሲያሳዩአቸው ራሳቸውን እየነቀነቁ በጎን ያልፉና ወደ ጓሮ ይሄዳሉ። «የተሰበረውን አሳዩኝ» ይላሉ። ጓሮ የተጣለው ብረት ማሽኑ የት የት እንደሚታመም፣ ሰውየውም ሲታመምበት ምን እንደሚያደርግ ይነግራቸዋል። ደግሞም በበጋ አይተው የወደዱትን ነገር በክረምት፣ በጭቃ፣ ተመልሰው ሳያዩ አይፈርሙም። ከሁሉ በኋላ አንዲት ጥያቄ ነበረቻቸው፤ ያችን ሲጠይቁ ብቻ ዓይናቸውን ከሰው ዓይን አይነቅሉም። «ይህ ሲቆም ማን ይነሣል?»

ጥያቄዋ በደንብ የገባችኝ ዳባት ላይ ነው። ሁለት ሰዎች ወፍጮ ለማስፋፋት ብድር ጠይቀው አብረን ሄድን። የመጀመሪያው ማሽን የሚያብረቀርቅ፣ ግቢው የተጠረገ፣ ሰውየው ጨዋ ነው። ሲቆም ማን ይነሣል ሲባል «ከአዲስ አበባ ባለሙያ እንጠራለን» አለ። የሁለተኛው ወፍጮ ከመጮኹ የተነሣ ልብ ያወልቃል። እዚያም ያንኑ ጠየቁ። ባለቤቱ መልስ ሳይሰጥ በጣቱ አፏጨ፤ ከወፍጮው ሥር አንድ ሰው በግሪስ ተለውሶ ወጣ። ወንድሙ ነበር። ሐጂ የዚያን ቀን መንገድ ሙሉ ቆሎ እየቆረጠሙ ለብቻቸው ይስቁ ነበር። የመጀመሪያው ወፍጮ ዛሬ የለም፤ ሁለተኛው እስካሁን ልብ ያወልቃል።

እሳቸው ጡረታ ወጥተው፣ ሐጅ አድርገው፣ ደባርቅ ሲከትሙ እኔም ከባንክ ወጥቼ እዚያው ዩኒየን ገባሁ። በሳምንት አንድ ቀን ከቤታቸው አልቀርም ነበር። ከዚያ ሳንባቸው ይደርቅ ጀመር። ሐኪሙ ቆላ ይውረዱ፣ እዚህ አየሩ ስስ ነው አላቸው። «አዲ አርቃይን ወጣት ሆኜም አልቻልኋት» ብለው እምቢ አሉ። ልጆቻቸው የኦክስጅን ማሽን ገዝተው አመጡላቸው፤ ትንሽ ኮመዲኖ የምታክል፣ ሶኬት ላይ ተሰክታ እየተነፈሰች በቀጭን ቱቦ አየሩን አፍንጫቸው ድረስ የምትልክ። አብራቸው የምትኖረው ልጃቸው ዘሃራ ሌሊትም ቀንም አምፖሉን እያየች ትኖር ነበር። መብራት ብልጭ ባለ ቁጥር ፊቷ ይለዋወጣል።

መብራቱ ደግሞ የምታውቁት ነው። በእነዚህ ዓመታት መስመሩ አንዴ በነፋስ፣ አንዴ በጸጥታው መደፍረስ ይበጠሳል፤ ጠጋኞቹ መንገድ እስኪከፈት ይጠብቃሉ። ዩኒየኑ በዚህ ተማርሮ የአባላቱን ቁጠባ ራሱ ኃይል በሚያመነጭ ነገር ላይ ሊያውል ወሰነ። ያን ጊዜ ነው የፊውል ሴል ኩባንያዎቹ የመጡት። ፊውል ሴል ማለት ነዳጁን ሳያቃጥል ከአየር ጋር አገናኝቶ ኤሌክትሪክ የሚያወጣ ሣጥን ነው፤ ጭስ የለውም፣ ድምፁም ትንሽ ነው፣ የሚተፋው ውኃ ነው። ኩባንያዎቹ ሁለት ነበሩ። ስማቸው ይቅር፤ እኛም ስማቸውን አንጠራም፣ የጋዙና የፈሳሹ ነበር የምንላቸው። ዩኒየኑ የአንዳቸውን አክሲዮን ይገዛል፤ የተመረጠው ደባርቅ ቅርንጫፍ ይከፍታል፤ መጀመሪያ ለጤና ጣቢያው፣ ከዚያ ለጃናሞራ፣ ከዚያ ለወፍጮዎች ይተክላል። የትኛው እንደሚያዋጣ እንድመዝን ሥራው ለእኔ ተሰጠ። ጡረታዬ ደርሶ ስለነበር የመጨረሻ ሥራዬ እንደሚሆን አውቄዋለሁ።

ለዩኒየኑ ነገሩ የትርፍና የኪሳራ ጉዳይ ነበር። ለእኔ ግን ጤና ጣቢያው የማይጠፋ መብራት ካገኘ ሐጂ ኑሩ ማሽናቸውን እዚያ ሰክተው ክረምቱን ይሻገራሉ፤ ካላገኘ አይሻገሩም። ይህን ማወቄ ራሱ ያስፈራኝ ነበር፤ የበላሁበት ቤት ሆነብኝ። ስለዚህ ከወትሮው አጥብቄ መዘንሁ።

የጋዙ ኩባንያ ትልቅ ነው። በሌላ አገር የስልክ ማማዎች ላይ ተክሏል፣ ጎንደር ውስጥ ባለሙያ አለው፣ ካፒታሉም አያሰጋም። ጣጣው ነዳጁ ነው። ሃይድሮጅን በብረት ሲሊንደር ታሽጎ ከሩቅ በመኪና ይመጣል፤ መንገድ ከተዘጋ ሣጥኑ ባዶ ቁም ሣጥን ነው። የፈሳሹ ኩባንያ በተቃራኒው ልጅ እግር ነው። ነዳጁ ሜታኖል የሚባል የአልኮል ዓይነት ነው፣ ከውኃ ጋር ተቀላቅሎ በበርሜል ይቀመጣል፤ የክረምቱን በበጋ ማከማቸት ይቻላል። ጣጣው ራሱ ኩባንያው ነው። ያለው አንድ ምርት፣ ያለው አንድ ቢሮ፤ ነገ ቢዘጋ መለዋወጫ ከየት ይመጣል? ስለዚህ ምዘናው በማሽን መካከል አልነበረም። ነዳጁ የሚያልቅበት ጠንካራ ኩባንያ ይሻላል ወይስ ነዳጁ የማያልቅበት ደካማ ኩባንያ ነበር ጥያቄው።

አዲስ አበባ ሄጄ የሁለቱንም ጓሮ አየሁ። የጋዙ ጓሮ ተጠርጎ ነበር፤ የተሰበረ ነገር አለ ወይ ስል «እኛ ጋ አይሰበርም» አሉኝ። ይህን የሚል ሰው ወይ ይዋሻል ወይ ገና አልሠራም። የፈሳሹ ጓሮ ውስጥ አንድ ወጣት መሐንዲስ የተፈታታ ሣጥን ፊት ቁጭ ብሎ አገኘሁት፤ ሁለት ጊዜ የከሸፈበትን ነገር ሳያፍር አሳየኝ። ቆሎ ነበረኝ፤ ልሰጠው ፈልጌ ተውሁት።

ከዚያ ሁለቱም ማሳያ ሣጥናቸውን ብርዱና ከፍታው ወደሚፈትናቸው፣ የሰሜን ተራሮች ፓርክ ውስጥ ወዳለው ሳንቃ በር ድረስ እንዲያወጡልኝ ጠየቅሁ። የኩባንያዎቹ ወኪሎች የእኛው አገር ልጆች ነበሩ። የጋዙ ወኪል ደሳለኝ ይባላል፣ የዳባት ልጅ፤ የፈሳሹ ግርማው፣ የደባርቅ። ሁለቱም ትሑት፣ ሁለቱም የተማሩ፣ እርስ በርሳቸው ግን ሰላምታቸው ከአንገት በላይ ነበር። ሣጥኖቹ ከፓርኩ ካምፕ አጠገብ ውጭ አደሩ። ሲነጋ ሣሩ ላይ አመዳይ ተኝቷል። ደሳለኝ ማብሪያውን ቢጫን፣ ደግሞ ቢጫን፣ የጋዙ ሣጥን ዝም አለ። ማታ ሲጠፋ ውስጡ የቀረው የራሱ ውኃ በረዶ ሆኖ ቱቦውን ዘግቶታል። አንድ ስካውት የሚሉት የፓርኩ ጠባቂ ጋቢውን ተከናንቦ ቆሞ ሲያይ ቆየና «ተውት ወንድም፣ እሱም እንደኛ ፀሐይ ሳይሞቅ አይነሣም» አለ። እውነትም ፀሐይ ሲያገኘው ተነሣ።

የፈሳሹ ሣጥን እየተንቋረረ፣ ቀስ ብሎ፣ ግን በብርዱ ተነሣ። የግርማው ፊት ሲበራ እያየሁ ኃይሉን ለካሁት። ከተባለው በእጅጉ ያንስ ነበር። ማራገቢያው ስስ አየር እየሳበ ይለፋል እንጂ አይጠግብም። የሁለቱም ኩባንያ ወረቀት የተጻፈው ባሕር ዳርቻ ላይ ላለ ሰው ነው፤ እዚህ ከፍታ ላይ የቃላቸውን ያህል የሚሰጥ አልነበረም። ፊውል ሴልም ይተነፍሳል። ማራገቢያውን እየሰማሁ ሐጂ ኑሩ ትዝ አሉኝና ወደ ገደሉ ዞር አልሁ።

የጻፍሁት ይህ ነው። ለፈሳሹ ይሰጥ፤ ግን በእጥፍ አቅም ይተከል፣ የክረምቱ ነዳጅ አስቀድሞ ደባርቅ ይግባ፣ የመለዋወጫ ሣጥን እዚሁ ይቀመጥ፣ ሁለት የአገሩ ልጆች ሠልጥነው ሳያልቁ ክፍያው አይለቀቅ። በመጨረሻም፣ ከተባለው ሙሉ ካፒታል በታች ከሆነ ለማናቸውም አይሰጥ ብዬ አሠመርሁበት። ሁለቱም ኩባንያዎች ከሙሉው ያነሰ ከተሰጣቸው የሚተክሉት ምንም እንደሌለ በራሳቸው እጅ ጽፈውልኝ ነበር።

ውሳኔው የዩኒየኑ ቦርድ ነው። ሰብሳቢው ቄስ አስናቀ ናቸው፤ ጥምጥማቸው የማይጓደል፣ አነጋገራቸው የተመዘነ፣ በአውራጃው ያላስታረቁት ጠብ የሌለ ሽማግሌ። ስብሰባው ላይ ሁሉን አስረዳሁ። አንድ አባል እጃቸውን አውጥተው «ፈሳሹ አልኮል ከሆነ ይጠጣል ወይ?» አሉ። ዓይን ያጠፋል፣ ይገድላል አልኋቸው። «እንግዲያስ በቁልፍ ይሁን» አሉ፤ ተስማማን። ሁሉም የተረዳኝ መሰለኝ። ደስ አለኝ።

ቄስ አስናቀ ዳዊታቸውን ዘጉና «ልጄ ትርንጎ፣ ድካምሽን እግዚአብሔር ይቁጠርልሽ» አሉ። «ግን ወኪሎቹ የማን ልጆች እንደሆኑ ታውቂያለሽ?»

አውቃለሁ አልሁ። አገር የሚያውቀው ነው። የደሳለኝ ወገንና የግርማው ወገን በግጦሽ መሬት ተጣልተው ከሁለቱም ቤት ሰው ሞቷል። ደም ያደረቁት ሽማግሌዎች ናቸው፤ እኩል አስማምለው፣ እኩል አስከፍለው፣ አንዱ በሌላው ላይ ሳይበልጥ።

«እኔና ሐጂ ኑሩ ነን ያደረቅነው» አሉ ቄስ አስናቀ። «እኔ መስቀሌን ይዤ፣ እሳቸው ቁርዓናቸውን ይዘው። አሁን ለግርማው ሰጥተን ደሳለኝን ባዶ እጁን ብንመልሰው፣ ሽማግሌ ለእነ እገሌ አደላ ይባላል። ከተባለ በኋላ እኔ የምመልሰው ነገር የለኝም። ግማሹን ለጋዙ፣ ግማሹን ለፈሳሹ እንስጥ።»

«አባ፣ ይህ እኮ ጠብ አይደለም፤ ግዢ ነው» አልሁ። «አንድ በሬ ለሁለት ቢከፍሉት ሥጋ ይሆናል እንጂ አያርስም።»

«ሥጋም ቢሆን ሁለቱም ቤት ይብላ» አሉ። «ሁለቱም ቤት ከሚያለቅስ።»

ቦርዱ በሙሉ ድምፅ ተስማማ። አንድም የተቃወመ የለም። ስንት ዓመት የደከምሁበት ሙያ በዚያች ቅጽበት ምን እንደሚባል ጠፋኝ። ሰዎቹ ቂል ቢሆኑ በንዴት ይወጣልኝ ነበር፤ ቂል አልነበሩም። በሞተ ሰው እናት ፊት ቆመው የሚያውቁ ሰዎች ናቸው፣ የሚያውቁትን ሚዛን አወጡ፣ በእሱም መዘኑ።

ውሳኔው ገና በፊርማ አልጸናም ነበር። አንድ ሰው ብቻ ሊያስቀይረው ይችላል ብዬ በቀጥታ ሐጂ ኑሩ ቤት ሄድሁ። ትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል፤ ማሽኗ አጠገባቸው ትተነፍሳለች። የሳንቃ በሩን ስነግራቸው ዓይናቸው በራ። ስካውቱ ያለውን ደግሜ እንድነግራቸው አደረጉኝ። ሲቆም ማን እንደሚነሣ ጽፈሽዋል ወይ አሉ። የሁለቱን ሠልጣኞች ጉዳይ ነገርኋቸው። «ይህ ነው ሥራ» አሉ። ከዚያ የቦርዱን ውሳኔ ነገርኋቸው። ሳቁ፤ ሳቁ ወደ ሳል ዞረ፤ ዘሃራ ሮጣ ገብታ ጀርባቸውን ደገፈች።

«ሐጂ፣ እርስዎ አንድ ቃል ቢሉ አባ አስናቀ ይሰማሉ» አልሁ።

ትንፋሻቸው እስኪመለስ ጠበቁ። «አልልም።»

«ለምን?»

«እኔም ከእነሱ ጋር ብቀመጥ ግማሽ በግማሽ ነበር የምለው።»

የሰማሁትን አላመንሁም። «እርስዎ ነዎት ያስተማሩኝ። ግማሽ ሥራ ከምንም ይብሳል ያሉኝ እርስዎ ነዎት።»

«ነኝ። አንቺ በመዘንሽው ላይ አንድ ነገር አልጨምርም፣ አልቀንስም።» ቱቦውን በጣታቸው አስተካከሉ። «ግን ያን ጊዜ አንቺ አልነበርሽም። ሁለቱ እናቶች ባንድ ድንኳን ውስጥ ጀርባና ጀርባ ተቀምጠው ነበር። ፊት ለፊት እንዲዞሩ ለማድረግ ምን እንደፈጀብን እኔና አስናቀ እናውቃለን። ያንን ለመብራት ብዬ አልነካም።»

«ለመብራት አይደለም» አልሁ፤ ዘሃራ እየሰማች ስለነበር ከዚያ በላይ መናገር አልቻልሁም።

«ለምን እንደሆነ አውቃለሁ፣ ልጄ» አሉኝ። «ማሽኗን እኮ እኔም እሰማታለሁ።»

ዘሃራ ጀርባዋን ሰጥታን ቆመች። እኔ ተናድጄ ነበር። በቄስ አስናቀ ላይ ከተናደድሁት ይልቅ በእሳቸው ላይ ተናደድሁ፤ ዛሬም ሙሉ በሙሉ አልወጣልኝም።

ፊርማው ጸና። የጋዙ ኩባንያ በግማሹ ሣጥኖቹን ላከ፤ ሲሊንደሩና መኪናው ከቀሪው ክፍያ ጋር ይመጣል አለ። የፈሳሹ በግማሹ የቻለውን ላከ፤ እሱም ነዳጁን። በዩኒየኑ መጋዘን ቀኝ ግድግዳ ነዳጅ የሌላቸው ሣጥኖች፣ በግራ ግድግዳ ሣጥን የሌላቸው በርሜሎች ተደረደሩ። የአንዱ ለሌላው አይሆንም። ገበሬዎች እየመጡ በሩ ላይ ቆመው ያዩ ነበር። አንዱ «ታዲያ ለምን አያጋቧቸውም?» ሲል ሰምቻለሁ፤ ለማስረዳት አፌን ከፍቼ ተውሁት። በርሜሉን ሰው ጠጥቶ እንዳይሞት ቁልፍ ገባለት፣ ዘበኛም ተቀጠረለት። ከእኔ ግምገማ በሥራ ላይ የዋለው ነገር ያ ቁልፍ ብቻ ነው።

እውነቱን ለመናገር፣ ሙሉው ለፈሳሹ ተሰጥቶ ቢሆን ይቆም ነበር ወይ ብትሉኝ አላውቅም። ኩባንያው ዓመት ሳይሞላው ቢሮውን ዘጋ፤ ያ ወጣት መሐንዲስ የት እንደገባ የነገረኝ የለም። የጋዙም ከሰሜኑ ወጣሁ ብሎ ጻፈ። ምናልባት ሁለቱም መውደቃቸው አይቀርም ነበር። ግን ምናልባት አንድ ክረምት ይሠራ ነበር። እኔ የምፈልገው ያንን አንድ ክረምት ነበር።

ክረምቱ ገባ። እኔም በዚያው ሰሞን ማፍያዬን ይዤ ተሰናበትሁ። መስመሩ ከዳባት ወዲያ ተበጠሰ፤ መንገዱ ተዘግቶ ጠጋኞቹ መንቀሳቀስ አልቻሉም። የሐጂ ማሽን ዝም አለች። በቃሬዛ ጤና ጣቢያ ወሰድናቸው። ጄኔሬተሩ ሊያልቅ የተቃረበ ናፍጣ ነበረው፤ እሱም ለማዋለጃ ክፍል የተጠበቀ ነው። ነርሷ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ ስትነግራቸው ሐጂ በእጃቸው ምልክት ሰጡ። ጎንበስ ብዬ ሰማኋቸው፤ «ለወላዶቹ ይሁን» ነው ያሉት። አንድ የተጀመረ የኦክስጅን ሲሊንደር ተገኘላቸው።

ደሳለኝና ግርማው ይህን ሲሰሙ ባንድ ሞተር ብስክሌት ተፈናጠው ወደ ጎንደር ወጡ፤ ሲሊንደር ይዘን እንመለሳለን ብለው። ማን ማንን እንደጠራው አላውቅም። ግርማው ይነዳል፣ ደሳለኝ ከኋላው ወገቡን ይዞታል፤ በጤና ጣቢያው መስኮት አየኋቸው። ዳባትን ሳያልፉ የኬላው ጠባቂዎች መለሷቸው። በሌላ መንገድ ሊዞሩ ሞክረው ጭቃ በጭቃ ሆነው፣ ባዶ እጃቸውን መጡ። የሐጂ ሲሊንደር ያን ጊዜ አልቆ ነበር። ቤቴ ውሰዱኝ ብለው ቤታቸው ገብተው፣ ፀሐይ ወጣ ስትል፣ ዘሃራ እጃቸውን እንደያዘች ዐረፉ።

እስከ እኩለ ቀን ተገንዘው ወጡ። ሴቶቹ ከግቢ አንወጣም፤ ከበሩ ሆኜ አየሁ። ቃሬዛውን ከፊት የተሸከሙት ደሳለኝና ግርማው ናቸው፤ አንዱ በቀኝ፣ አንዱ በግራ። የሁለቱም ወገን ሽማግሌዎች፣ እስላሙም ክርስቲያኑም፣ ተደባልቀው ይከተላሉ። ቄስ አስናቀ ጥምጥማቸውን ዝናብ እየመታው ከኋላ ይሄዱ ነበር። ባጠገቤ ሲያልፉ ቀና ብለው አዩኝ። ሰው ይህን ሲያይ ይጽናና ይሆናል። እኔ አልተጽናናሁም። እሳቸው የመረጡት ይህንን እንደሆነ ገብቶኛል፤ ቢሆንም ሁለቱ ልጆች ጎን ለጎን ከሚሸከሟቸው ይልቅ ተጣልተውም ቢሆን ሐጂ በእግራቸው ቢሄዱ እመርጥ ነበር። ይህን ስል ክፉ ሰው ልመስል እችላለሁ፤ ግን የሚሰማኝ ይኸው ነው።

ለቅሶው ላይ በሦስተኛው ቀን ቤቱ ሞልቶ ተቀምጠን ነበር። ወንዶቹ በዚህ፣ ሴቶቹ በዚያ፤ ደሳለኝና ግርማው በሩ አጠገብ አንድ አግዳሚ ላይ። ቄስ አስናቀ ስለ ሐጂ ሽምግልና፣ ስለዚያ ድንኳን፣ ስለ ሁለቱ እናቶች ዝግ ባለ ድምፅ ይናገራሉ። በመካከል አምፖሉ በጠራራ ፀሐይ ቦግ አለ። መስመሩ ተጠግኗል።

ከጓዳ ማሽኗ ተነሣች። ማንም ከሶኬቱ አልነቀላትም ነበር። መጀመሪያ አንገራገረች፣ ከዚያ እንደ ልማዷ መተንፈስ ጀመረች፤ ቱቦው የት እንዳለ ባላይም አየሩ ከጫፉ ሲወጣ ይሰማል። ቄስ አስናቀ ንግግራቸውን አቆሙ። ዘሃራ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ደሳለኝ መሬት መሬት ያያል፣ ግርማው መሬት መሬት ያያል። ያን ሁሉ ሰው አንድ በአንድ አየሁ፤ የሚነሣ የለም።

ተነሥቼ ጓዳ ገባሁና አጠፋኋት።